በልጃችሁ ካርድ ላይ ምን ተጻፈ?

ስለ ትንንሽ ሴት ልጆች የብልት ሕመሞችና ስለ አመዘጋገባቸው



ለቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ወደ ክሊኒክ የሚመጡ እናቶች ዋናውን ጥያቄ የሚያነሱት ብዙውን ጊዜ ሊወጡ ሲሉ ነው። የሦስት ወር መርፌዋን ተወግታ፣ የቀጠሮ ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ የበሩን እጀታ ከያዘች በኋላ «ሲስተር፣ እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅሽ» ትላለች። ጥያቄው ስለ ራሷ ሳይሆን ስለ ሴት ልጇ ነው። ልጅቷ ስትሸና ታለቅሳለች፤ ወይም ሙታንታዋ ላይ ቢጫ ፈሳሽ ታይቷል፤ ወይም እናቲቱ ስታጥባት ብልቷ «ተዘግቶ» አይታለች። ጉዳዩን በጎረቤት ፊት ማንሳት ነውር ስለሚመስል፣ ለባልም መንገር ስለሚያስፈራ፣ ነገሩ ለወራት ሆድ ውስጥ ይቆያል።

በትንንሽ ሴት ልጆች ብልት ላይ የሚታዩት ሕመሞች አብዛኞቹ ቀላልና በቶሎ የሚድኑ ናቸው። ከሕመሙ ይልቅ ለረዥም ጊዜ የሚቆየው ስለ ሕመሙ በካርድ፣ በመዝገብና በሪፈር ወረቀት ላይ የሚጻፈው ቃል ነው። በዚህ ዕትም ስለዚሁ ቃል እንነጋገራለን።

ለምሳሌ እንዲሆነን፣ በሀና ማርያም አካባቢ በኪራይ ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ እንበል። የአንድ ዓመት ከስድስት ወር ሴት ልጅ አለቻቸው። እናት ልጅቷ ስትሸና ማማጧን አይታ በአቅራቢያዋ ወዳለ ክሊኒክ ይዛት ሄደች። ባለሙያው በቁሙ አየት አድርጎ በሪፈር ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ «ብልቷ የተዘጋ» የሚል ትርጉም ያላቸውን ጥቂት ቃላት ጻፈ። በሁለተኛው ቦታ የተቀበላቸው ባለሙያ ደግሞ እናቲቱን ምንም ሳይጠይቅ «ከልደት ጀምሮ የተዘጋ፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል» ብሎ ጨመረበት። አባት ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ሥራ ቦታ ሄደና እንግሊዝኛ ለሚያነብለት ጓደኛው አሳየው። ጓደኛው «ተዘግቷል ነው የሚለው» አለው።

አባት ያን ቀን ማታ ቤቱ የገባው ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ሚስቱ ለፋሲካ ልጅቷን ይዛ ገጠር ወላጆቿ ዘንድ ከርማ ነበር። «እናትሽ ዘንድ ስትሄዱ አስገርዛችኋት ነው?» አላት። እሷ ማለች፣ አለቀሰች። እሱ አላመናትም። ለሦስት ሳምንት ያህል በአንድ ቤት ውስጥ ሳይነጋገሩ ኖሩ።

የአባትየው ጥርጣሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል 65 በመቶ የሚሆኑት የተገረዙ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 565 ሴትን መግረዝን፣ በአንቀጽ 566 የሴትን ብልት መስፋትን በወንጀል ያስቀጣል። ስለዚህ በአንዲት ሕፃን ካርድ ላይ «የተዘጋ» ብሎ ጽፎ ዝም ማለት ትንሽ ነገር አይደለም። አያትን ያስጠረጥራል፣ ትዳር ያናጋል፣ ፖሊስ ጣቢያም ሊያደርስ ይችላል።

በመጨረሻ ልጅቷ ሆስፒታል ቀረበች። ዶክተሯ እናቲቱን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ልጅቷን በእናቷ ጭን ላይ እግሯን እንደ እንቁራሪት ከፈት አድርጋ አየቻት። ያየችው ጠባሳ አልነበረም። የትንንሾቹ የብልት ከንፈሮች ጠርዝ በመሐል በስስ ግራጫ መስመር ተጣብቋል። ቂንጥሯም ሆነ ከንፈሮቿ ምንም አልጎደለባቸውም።

ይህ የብልት ከንፈሮች መጣበቅ ይባላል። በብዛት የሚታየው ከሦስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን ከመቶ ትንንሽ ሴት ልጆች እስከ ሦስት በሚደርሱት ላይ እንደሚገኝ ይገመታል። አዲስ የተወለደች ሕፃን ከእናቷ ማኅፀን ይዛው የመጣችው ኤስትሮጂን የተባለ የሴት ሆርሞን በሰውነቷ ውስጥ ስላለ የብልቷ ቆዳ ወፈር ያለ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሆርሞኑ ያልቅና ቆዳው ይሳሳል። በሽንት፣ በሰገራ፣ በሳሙና ወይም ረጥቦ በቆየ ፓምፐርስ ሲላጥ ሁለቱ ጠርዞች ይነካካሉ፤ ሲድኑም አብረው ይጣበቃሉ። ማንም ምንም አላደረጋትም። ሽንት የማይከለክልና የማያሳምም ከሆነ መድኃኒት ላያስፈልገው ይችላል፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የራሷ ሆርሞን ሲመጣ ይለቅቃል። ሽንት የሚያስቸግራት ወይም ኢንፌክሽን የሚመላለስባት ከሆነ ግን በሐኪም ትእዛዝ የኤስትሮጂን ቅባት በመስመሩ ላይ ብቻ በስሱ ለጥቂት ሳምንታት ይቀባል። በዚህ ጊዜ ጡቷ ጥቂት ሊያብጥ፣ የተቀባው ቦታም ሊጠቁር ይችላል፤ ቅባቱ ሲቆም ይመለሳል። ከለቀቀ በኋላም ተመልሶ እንዳይጣበቅ ቫዝሊን ለወራት መቀባት ይጠቅማል። በእጅ ጎትቶ መለያየት ግን ልጅቷን ከማሳመሙም በላይ ቁስል ስለሚያስከትል እንደገና እንዲጣበቅ ያደርጋል። ጎረቤት «እኔ ላላቅቅላት» ቢል እሺ አትበሉ።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። «ከልደት ጀምሮ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ማንም ጠይቆ አልጻፈውም። ልጅቷ ስትወለድ ያዋለደቻት ሲስተር ሕፃኗን ከራሷ እስከ እግሯ አይታ ብልቷ ጤናማ መሆኑን በመውጫ ወረቀቷ ላይ አስፍራ ነበር። ያ ወረቀት ከክትባት ካርዱ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ያኔ ጤናማ ከነበረች መዘጋቱ ከልደት ያመጣችው አይደለም፤ በኋላ የመጣ ነው። ኦፕራሲዮን የተባለው ነገርም ወዲያው ይቀር ነበር።

ስለ በሽታ መለያ ቁጥር

በሆስፒታል ካርድ ወይም በሕክምና ማስረጃ ላይ ከበሽታው ስም አጠገብ አንድ ፊደልና ጥቂት ቁጥሮች ተጽፈው አይታችሁ ይሆናል። ይህ የበሽታ መለያ ቁጥር ነው። አጀማመሩ ሩቅ ነው። ፈረንሳዊው የስታቲስቲክስ ሰው ዣክ ቤርቲዮን እ.ኤ.አ. በ1893 የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር ለዓለም አቀፉ የስታቲስቲክስ ተቋም አቀረበ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራውን ተረከበና ሞትን ብቻ ሳይሆን ሕመምንም እንዲጨምር አደረገው። አሥረኛው እትም እ.ኤ.አ. በ1990 ጸደቀ፤ አሥራ አንደኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቆ ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

አሥረኛውን እትም ብዙ መሳቢያ እንዳለው ቁም ሣጥን አድርጋችሁ አስቡት። በየመሳቢያው ላይ አንድ የላቲን ፊደል ተጽፏል። «ኪው» የተባለው መሳቢያ ከልደት ጋር የመጡ የአፈጣጠር ጉድለቶች የሚቀመጡበት ነው። «ኤን» የኩላሊት፣ የሽንትና የመራቢያ አካላት ሕመሞች መሳቢያ ነው። «ፒ» የአራስ ሕፃናት ነው። የብልት ከንፈሮች ከልደት ጀምሮ ተጋጥመው ከተገኙ ኪው 52.5 ይባላል። እንደዚህች ልጅ በኋላ የመጣ መጣበቅ ሲሆን ግን በኤን 90.8 ሥር ይገባል። ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ የሚለያቸው «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ይህን መልስ የሚያውቀው ደግሞ ወላጅ ነው።

በጤና ጣቢያ ደረጃ ቁጥሩን ላታዩት ትችላላችሁ። ባለሙያው የበሽታውን ስም ይጽፋል፤ ስሙም በመዝገቡ ላይ ከተዘረዘሩት በአንዱ ሥር ይቆጠርና ድምሩ ወደ ወረዳ፣ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ጤና ቢሮና ወደ ጤና ሚኒስቴር ይሄዳል። ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት የሚታዩበት የተቀናጀ የሕፃናት ሕክምና ቅጽ በዋናነት የሚጠይቀው ስለ ሳል፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ጆሮና ስለ ምግብ እጥረት ነው። ሕፃናትን በብዛት የሚገድሉት እነዚህ ስለሆኑ ይህ ትክክል ነው። የብልት ሕመም ግን «ሌሎች ችግሮች» በሚለው ጠባብ ቦታ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እናት ካላነሳችው ማንም ላይጠይቃት ይችላል።

ሌሎቹስ?

አዲስ የተወለደች ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከብልቷ ነጭ ዝልግልግ ፈሳሽ፣ አንዳንዴም ጥቂት ደም ቢታይ አትደንግጡ። የእናቷ ሆርሞን ከሰውነቷ ሲወጣ የሚሆን ነው፤ በቀናት ውስጥ ይቆማል። መለያውም ፒ 54.6 ነው። የጡቷ ማበጥም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጡቷን የሚጨምቁ ሰዎች አሉ፤ መጨመቅ መግል ያስይዛል። ደሙ ብዙ ከሆነ ወይም ከሌላም ቦታ የሚደማት ከሆነ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩአት።

ከሁሉ በላይ ብዙ ቦታ ልንሰጠው የሚገባው የፈሳሽና የማሳከክ ጉዳይ ነው። ከሁለት ዓመት እስከ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆች ብልት ስስ ቆዳ ያለው፣ ጸጉር የሌለው፣ ለፊንጢጣ የቀረበ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ሦስት ልጆች በአንድ ሳፋ፣ በአንድ የሳሙና ውኃ መታጠባቸው የተለመደ ነው፤ ትንሿ የመጨረሻውን ውኃ ትቀመጥበታለች። ሙታንታዋ በኦሞ ታጥቦ በደንብ ሳይለቀለቅ ይሰጣል። ናይለን ሙታንታና ጠባብ ታይት ደግሞ እርጥበቱን ያፍነዋል። ከኋላ ወደ ፊት መጥረግ ሰገራ ያደርሳል። ውጤቱ መቅላት፣ ማቃጠልና ጥቂት ፈሳሽ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሁልጊዜ ከፋርማሲ አይመጣም። ብልቷን ያለ ሳሙና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ ከፊት ወደ ኋላ መጥረግን ማስተማር፣ የጥጥ ሙታንታ ማልበስ፣ ሌሊት ያለ ሙታንታ በሰፊ ቀሚስ ማስተኛት፤ አብዛኛው በዚህ ይሻላል። ጨው፣ አልኮል ወይም ነጭ ሽንኩርት ውስጧ አታድርጉ። ሌሊት ሌሊት ፊንጢጣዋን የሚያሳክካት ከሆነ ክር የመሰለ ነጭ ትል ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ለመላው ቤተሰብ መድኃኒት ያዝዛል። መጥፎ ሽታ ያለው ወይም ደም የቀላቀለ፣ መድኃኒት ወስዳም የሚመለስ ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ የሶፍት ቁራጭ ወይም ዶቃ የመሰለ ባዕድ ነገር ውስጥ ገብቶ እንደሆነ መታየት አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት የአመዘጋገብ ስሕተቶች ያጋጥማሉ። አንደኛው «ፈንገስ» ብሎ መጻፍ ነው። ፈንገስ ፓምፐርስ በሚያደርጉ ሕፃናትና በአዋቂ ሴቶች ላይ ይበዛል እንጂ ፓምፐርስ ባቆመች ጤነኛ ልጅ ላይ እምብዛም አይታይም። ሁለተኛው እጅግ የከፋ ነው። ለአዋቂ ሴት የብልት ፈሳሽ ሲኖር በአገራችን ላቦራቶሪ ሳይጠበቅ በምልክቱ ብቻ የአባላዘር በሽታ መድኃኒት የሚሰጥበት አሠራር አለ። ይህ ለአዋቂዎች ታስቦ የወጣ ነው። በአምስት ዓመት ልጅ ካርድ ላይ ያለ ላቦራቶሪ ማረጋገጫ «የአባላዘር በሽታ» ብሎ መጻፍ ግን «ይህች ልጅ ተደፍራለች» ብሎ ከመጻፍ አይለይም። እውነት ከሆነ ሕግ ፊት መቅረብ ያለበት ነው፤ ካልሆነ ደግሞ አባትን፣ አጎትን፣ የቤት ሠራተኛን በከንቱ ያስወነጅላል።

ሦስተኛ የሚያሳስት ሕመም አለ። የሽንት ቧንቧው የውስጥ ሽፋን ወደ ውጭ ወጥቶ እንደ ትንሽ ቀይ ቀለበት ይታያል፤ ይደማል። በጥቁር ሕዝቦች ልጆች ላይ በብዛት የሚታይ በመሆኑ የእኛ ባለሙያዎች በተለይ ሊያውቁት ይገባል። ደሙን ያየ ሰው ወዲያው የሚያስበው ጥቃትን ነው። ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍና ቅባት ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል።

አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት የሞላት፣ ጡቷ ያደገ፣ የወር አበባዋ ግን ያልመጣ ልጅ በየወሩ ሆዷን ከታመመች የድንግልናው ሽፋን ቀዳዳ የሌለው ሊሆን ይችላል። ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህኛው በእርግጥም ከልደት የመጣ ነው፤ መለያውም ኪው 52.3 ነው። በትንሽ ኦፕራሲዮን ይስተካከላል። በዚህ ጊዜ በሚሰጠው ማስረጃ ላይ ኦፕራሲዮኑ ለምን እንደተደረገና በማን እንደተደረገ በግልጽ ቢጻፍ ልጅቷን በትዳሯ ጊዜ ከብዙ ጥያቄ ያድናታል።

ጥርጣሬ ሲኖር

ከላይ ያልነው ሁሉ «ሁሉም ቀላል ነው፣ ዝም በሉ» ማለት አይደለም። ልጅ ከተናገረች ስሟት። ከተደፈሩ ልጆች ብዙዎቹ ሲመረመሩ በብልታቸው ላይ ምንም ምልክት አይገኝም፤ ስለዚህ ካርዱ «ጤናማ» ስላለ ብቻ የልጅቷ ቃል ሐሰት አይሆንም። ጥሩ ባለሙያ ያየውን ብቻ ይጽፋል፤ መቅላት ካየ «መቅላት»፣ ጭረት ካየ ጭረቱ የት እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ ያሰፍራል። ልጅቷ የተናገረችውን በራሷ አነጋገር ይጽፋል፤ በእሱ ቃል አያሳምረውም። ጥርጣሬ ካለ ልጅቷን ሳታጥቡ፣ ልብሷንም ሳትለውጡ ቶሎ ውሰዷት። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የሕጉን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚያስተናግድ ማዕከል አለ።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

ካርድ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሐኪም እጅ ጽሑፍ ደግሞ እንግሊዝኛ ለሚያውቀውም ያስቸግራል። ስለዚህ ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት «ዶክተር፣ የሕመሙን ስም በአማርኛ ይንገሩኝ፤ ከልደት የመጣ ነው ወይስ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛው ባለሙያ በደስታ ይነግራችኋል። የቸኮለም ቢሆን አንድ ደቂቃ አይነፍጋችሁም። በካርድ ክፍልና በተራ መጠበቂያ ላይ «የሽንት ችግር» ማለት ይበቃል፤ ዝርዝሩን ክፍል ውስጥ ተናገሩ። የልጅ ብልት ነገር በሰልፍ መሐል የሚነገር አይደለም።

በከተማችን ተከራይ ብዙ ነው። ዛሬ ሀና ማርያም ያለ ቤተሰብ የከርሞውን ኪራይ ካልቻለ ጀሞ ወይም ሌላ ሰፈር ይገባል፤ ካርዱ ግን ቀድሞ በታከመበት ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አዲሱ ክሊኒክ ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ እያንዳንዷ እናት በጥንቃቄ የምትይዘው የክትባት ካርድ ውስጥ አንድ ቅጠል ወረቀት አጥፋችሁ አስቀምጡ። አባትም መጻፍ ይችላል፤ የሚያስፈልገው እንደሚከተለው ያለ ነገር ብቻ ነው።

«መጋቢት 12፤ ዕድሜዋ 1 ዓመት ከ6 ወር። ስትሸና ታማጣለች፣ ከጀመራት ሁለት ሳምንት ሆናት። ስትወለድ ጤናማ ነበረች፤ የዘጠኝ ወር ክትባቷን ስትወስድም ምንም አልነበረባትም። ዶክተሯ የብልት ከንፈሮች መጣበቅ ነው አለች። ጠባሳ የለም አለች። ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ ታዘዘ፤ ቀጠሮ ሚያዝያ 3።»

በምሳሌያችን ያነሳናቸው ባልና ሚስት ልጃቸው ቅባቱን ጨርሳ ከዳነች በኋላ ወደ ሁለተኛው ክሊኒክ ተመልሰው ሄዱ። አባትየው የሆስፒታሉን ማስረጃ ይዞ፣ በካርዱ ላይ ያለው «ከልደት ጀምሮ» የሚለው ቃል እንዲስተካከል ጠየቀ። በተራው ላይ የነበረው ባለሙያ የቀድሞውን ጽሑፍ አልፋቀውም፣ ወረቀቱንም አልቀደደውም፤ የሕክምና መዝገብ እንደዚያ አይታረምም። ቃሉ እንዲነበብ ትቶ በአንድ መስመር ሠረዘበት፣ ከጎኑ «በኋላ የመጣ የብልት ከንፈሮች መጣበቅ፤ ጠባሳ የለም፤ ድኗል» ብሎ ጻፈ፣ ቀኑንና ስሙን አሰፈረና ፈረመበት። አባትየው የተጻፈውን በአማርኛ እንዲያነብለት ጠየቀው። ባለሙያው ሚስቱ አጠገቡ እንደቆመች ጮክ ብሎ አነበበለት።